የተለቀቀው ሰው

ሬሳውን ያገኙት ሯጮች ናቸው። ጎህ ሲቀድ ከእንጦጦ ራጉኤል ዝቅ ብሎ ባለው የባሕር ዛፍ ጫካ ዳገት የሚለማመዱ ሴቶች ነበሩ። ከፊት የምትሮጠው ገደሉ አፋፍ ላይ ነጭ ነገር አየችና ነፋስ የጣለው ጋቢ መሰላት። ጠጋ ስትል ጋቢው ውስጥ ሰው አለ።

ኢንስፔክተር ሰዓዲያ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልወጣችም። የሰኔ ዝናብ ትናንት ሙሉ ቀን ሲጥል ውሎ ያባራው አመሻሽ ላይ ነበር፤ ቀዩ ጭቃ ጫማዋን ይዞ አልለቅ አላት። ሟቹን ገና ስታያቸው አወቀቻቸው። ከገደሉ በላይ በቆርቆሮ የታጠረው የሕንፃ ግንባታ ዘበኛ ጋሽ ገብረማርያም ናቸው። ጭንቅላታቸውን ከኋላ ተመትተዋል።

ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። ጋቢው ከላይ ደረቅ ነው፤ ዝናቡ አላገኘውም። ቦቲ ጫማቸውን አገላብጣ አየች። እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ለብሷል፣ የሳቸው ሶል ግን ንጹሕ ነው።

«በእግራቸው አልመጡም» አለች ለራሷ። «ሰው ነው አምጥቶ ያስቀመጣቸው።»

«ኢንስፔክተር፣ ይሄንንም ይዩት» አለ አንዱ ፖሊስ። ከቁጥቋጦ ውስጥ ጥቁር የሱፍ ኮፍያ አንስቷል፤ ጠርዙ በቀይ ክር ተጠልፏል።

ያንን ኮፍያ ሰዓዲያ ታውቀዋለች። የኢታና ነው። ኢታና ከግንባታው ጋር የሚዋሰነውን የአባቱን ይዞታ ለግንባታው ባለቤት አልለቅም ብሎ የቆየ ወጣት ነው። ከሳምንታት በፊት የግንባታው መጋዘን ሲቃጠል ጋሽ ገብረማርያም «የለኮሰው እሱ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ» ብለው ቃል ሰጡ፤ ሰዓዲያም ኢታናን ይዛ አሰረችው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን ዳኛ ለተሥላሴ እንዲለቀቅ አዘዙ። ሰዓዲያ ለሌላ ሥራ ደብረ ብርሃን ውላ የተመለሰችው ሌሊት ስለነበር ወሬውን የሰማችው በስልክ ነው። በመንገድ ላይ ሁሉ በዳኛዋ ስትናደድ ነበር የመጣችው።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ኮማንደር ግሩም ነው፤ ስለ ኮፍያው ከፖሊሶቹ ሰምቷል።

«ኮፍያው የሱ ነው አይደል?»

«ይመስላል ጌታዬ።»

«ይመስላል አትበይኝ! ትናንት ተለቀቀ፣ ማታ የመሰከረበትን ሰው ገደለ። ይሄ ለሕፃን ልጅም ግልጽ ነው። ልጁን ከቤቱ እያስያዝኩት ነው። የሴትዮዋም ነገር ዛሬ ያበቃለታል።»

«የየትኛዋ ሴትዮ?»

«የዳኛዋ ነዋ! ወንጀለኛ እየፈታች ሰው ታስፈጃለች። ከዳኝነት እንድትነሳ አቤቱታው እየተጻፈ ነው፤ የጎደለው ያንቺ ሪፖርት ብቻ ነው።»

የግንባታው ባለቤት አቶ ተክለብርሃን ሲመጡ የሚነዱት ትንሽ የቤት መኪና ጭቃው ላይ ተንሸራታ ቆመች፤ ቀሪውን በእግራቸው ወጡ። ሬሳውን ሲያዩ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

«አልተናገርኩም? ይሄ ልጅ አይለቀቅ አላልኩም?»

«እርስዎ ማታ የት ነበሩ?» አለች ሰዓዲያ።

«አያት ሰፈር፣ ቤቴ። እንግዶች ነበሩኝ፣ ጠይቂያቸው።»

«ፒካፕዎስ? በዚች እንዴት ዳገቱን ደፈሩ?»

«ፍሬኑ አስቸግሮኝ ጋራዥ ነው። የሚስቴን ይዤ ወጣሁ፣ ምን ላድርግ።»

*

ኢታና ከጠረጴዛው ማዶ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ከሦስት ሳምንት እስር በኋላ ጉንጩ ገብቷል። ኮፍያውን ፊቱ አስቀመጠችለት።

«ያንተ ነው?»

ኮፍያውን ወደ እሷ መልሶ ገፋው።

«ማታ የት ነበርክ?»

አንገቱን ደፋ።

«ኢታና፣ ሰው ሞቷል። ዝምታህ የሚጎዳው አንተኑ ነው።»

ቀና ብሎ አያት። «ባለፈው ስትጠይቂኝ እውነቱን ነገርኩሽ። እሳቱን አላየሁትም አልኩሽ። መቼ ሰማሽኝ? አሁን የምናገረው ለዳኛ ነው።»

ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ።

ሰዓዲያ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ግድግዳውን ተደገፈች። ኮፍያው ከዓይኗ አልጠፋ አለ። ኢታናን የያዘችው እዚያው ከቆርቆሮው አጥር ሥር ነበር፤ ልጁ ሲታገል፣ ፖሊሶቹ ሲጎትቱት፣ እጁ ወደ ኋላ ሲታሰር። መኪናው ውስጥ ከጎኗ ሲቀመጥ ዝናብ ከፀጉሩ እየተንጠባጠበ ሱሪዋን አረጠበው። ራሱ ላይ ምንም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ታስሮ ነው የቆየው። ኮፍያው ወድቆ የቀረው አጥሩ ሥር ከሆነ፣ ማታ ያነሳው ግንባታው ግቢ የሚገባ ሰው ነው።

ወደ መዝገብ ክፍል ሄዳ ጠየቀች። «ትናንት ከሰዓት በኋላ ወጥቷል፣ ፈርሟልም» አሏት። እንግዲያስ ወጥቶ ኮፍያውን ፈልጎ ሊሆን ይችላል። አሁንም ልጁ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ንጹሑ ቦቲ ብቻ አልዋጥላት አለ። መኪና የሌለው ልጅ ሬሳ ተሸክሞ ያን ጭቃ እንዴት አለፈው?

*

የጋሽ ገብረማርያም ባለቤት እማማ ዲንቄ ቤታቸው በለቀስተኛ ተሞልቷል። ሰዓዲያን ሲያዩ ሰው አስወጥተው ወደ ጓዳ ይዘዋት ገቡ።

«እሳቸውን የሚጠላ ነበር?» ስትል ጠየቀች።

«ልጄ፣ ገብሬን የገደለው እውነት መናገሩ ነው።»

«የምን እውነት?»

«አልነገሩሽም እንዴ?» አሮጊቷ ተገርመው አዩዋት። «ትናንት ፍርድ ቤት ሄዶ ተናገረ እኮ። ልጁ በሐሰት ከታሰረ ወዲህ ገብሬ እንቅልፍ አጥቶ ነበር የከረመው። ዳኛዋ ፊት ቆሞ ‹ኢታናን አላየሁትም፣ ይሄንን በል የተባልኩትን ነው ያልኩት› አላት። ማን አለህ ብትለው፣ ፈራ። አስቤ እነግርሻለሁ አላት። ዳኛዋ ልጁ ይለቀቅ፣ ሽማግሌውን በሐሰት ያስመሰከረውም ሰው ይጣራ ብላ አዘዘች።»

ሰዓዲያ ደሟ ወደ ፊቷ ሲወጣ ተሰማት። ያንን ትዕዛዝ ሳታነብ ነው በዳኛዋ ስትናደድ የቆየችው።

«ማነው ያስመሰከራቸው?»

«እንጀራችን በሰውየው እጅ ነው፣ ምን ልበልሽ?» እማማ ዲንቄ ድምፃቸውን ቀነሱ። «ማታ ዝናቡ እንዳባራ አቶ ተክለብርሃን ደወለለት። ከደጅ አለሁ፣ ና ውጣ፣ እንነጋገር አለው። ጋቢውን ደርቦ ኮብልስቶኑ ላይ ወጣ። እኔ መኪናውን አላየሁም፣ ድምፁን ብቻ ነው የሰማሁት።»

*

ከለቅሶው ቤት ስትወጣ አንዲት ወጣት መንገዱን ዘጋችባት። የኢታና እኅት አያንቱ ናት፤ መገናኛ አንድ የሒሳብ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው። ለቀስተኛው ፊቱን ቢያዞርባትም ለቅሶ ለመድረስ መጥታለች።

«ወንድሜ ገዳይ ነው ትያለሽ?»

«ገና ምንም አላልኩም።»

«ታዲያ ትናንት ማታ እራቱን ያደረስኩለት የት ነው? እናንተ ጣቢያ አይደል? ዳኛዋ ፈታችው ብለን ስንጠብቅ ሳይመጣ ሲቀር ምግብ ይዤ ሄድኩ። በር ላይ የነበረችው ፖሊስ ተቀብላኝ ገባች፤ ባዶውን ሳህን ይዛልኝ ተመለሰች። የተለቀቀ ሰው እራት ይገባለታል እንዴ ኢንስፔክተር?»

«ጠዋት ነው የወጣው?»

«ጎህ ሳይቀድ! ቤት ደርሶ ገና ፊቱን ሳይታጠብ መልሳችሁ ወሰዳችሁት።»

ሰዓዲያ በቀጥታ ወደ ጣቢያ ሄደች። ትናንት ማታ በር ላይ የነበረችው ኮንስታብል ሰርክ ናት። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ብቻዋን አገኘቻት።

«ለኢታና እራት ተቀብለሻል?»

ሰርክ የሸሚዟን ቁልፍ እየቆለፈች ቆመች።

«አትጠይቂኝ በናትሽ።»

«እየጠየቅሁሽ ነው።»

«ተቀብያለሁ። እዚሁ ነው ያደረው። ኮማንደሩ አይወጣም አሉ። ሊነጋጋ ሲል አስፈርመው አስወጡት፣ ቀኑን ግን የትናንት አደረጉት።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ልጆች አሉኝ፣ ሰዓዲያ።»

*

ኮማንደር ግሩም በሩን ራሱ ዘጋው።

«አዎ፣ አሳድሬዋለሁ» አለ። «ይግባኝ እስክንል አንድ ሌሊት ባቆየው ሰማይ ይወድቃል? እኛ በዝናብ በጭቃ እየተንከራተትን የምንይዘውን እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ በአንድ መስመር ትፈታዋለች!»

«እዚህ ካደረ ገዳዩ እሱ አይደለም።»

«እሱን እኔና አንቺ ብቻ ነን የምናውቀው።»

«ጌታዬ፣ ንጹሕ ሰው በግድያ ሊከሰስ ነው።»

«ኋላ በማስረጃ ይወጣል። እስከዚያ ድረስ ግን ይሄ ነገር ከተሰማ አለቀልን፤ እኔም፣ ጣቢያውም፣ አንቺም።» ድምፁን አለዘበ። «አቶ ተክለብርሃን ትልቅ ሰው ናቸው። አትነካኪያቸው። ሪፖርቱን ጽፈሽ ነገ ጠዋት ፋይሉን ለሌላ መርማሪ አስረክቢ።»

ሰዓዲያ ሰላምታ ሰጥታ ወጣች። የቀራት ዛሬ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የአቶ ተክለብርሃንን እንግዶች ፈለገች። አንደኛው ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ አያት ኮንዶሚኒየም በረንዳቸው ላይ ጋዜጣ ሲያነቡ አገኘቻቸው። «አዎ፣ አብረን ነበርን» አሏት። «ዝናቡ ሲያባራ ግን መድኃኒት ልግዛ ብሎ በፒካፑ ወጣ። ጠብቀነው ጠብቀነው እራቱ ቀዘቀዘ። ሲመለስ ሰላም ሳይለን መታጠቢያ ቤት ገባ።»

ፒካፑ እንግዲህ ማታ ይሠራ ነበር። ጋራዥ የሚባለው ውሸት ነው።

*

ዳኛ ለተሥላሴ ቢሮ ስትገባ የምሳ እረፍት ነበር። ዳኛዋ በእድሜ ጠና ያሉ፣ ቀጭን ሴት ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ እየጮኸ ነበር፤ አላነሱትም።

«ክብርት ዳኛ፣ የመጣሁት ስለ—»

«የመጡበትን አውቃለሁ፣ ኢንስፔክተር። ከመናገርዎ በፊት ልንገርዎት፣ አልሰማውም።»

«የብርበራ ማዘዣ ነው የምፈልገው። ገዳዩን አውቄዋለሁ። ማዘዣው ዛሬ ካልወጣ ነገ ፋይሉ ከእጄ ይወጣል። እርስዎን ለማስነሳት የተጻፈው አቤቱታም እኮ ውድቅ የሚሆነው እሱ ሲያዝ ነው! አንድ ፊርማ ብቻ!»

«የማልፈርመው ለዚሁ ነው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «በዚህ ጉዳይ እኔ ተጠቃሚ ነኝ። ገዳዩ ሲያዝ እኔ ከእንጀራዬ አልነሳም። እንዲህ ያለ ሰው በዚያ መዝገብ ዳኛ ሊሆን አይችልም።»

«እነሱ ግን ሕግ አይጠብቁም!»

«ስላልጠበቁ ነው እርስዎ እዚህ የመጡት። እኔም ካልጠበቅሁ ቀጥሎ ወዴት ይሄዳሉ? ዛሬ እኔን የሚያድነኝን ወረቀት ብፈርም፣ ነገ ሌላው ዳኛ ፈርቶ የታዘዘውን ይፈርማል። ልዩነቱን ለሕዝብ ማስረዳት አንችልም።»

ሰዓዲያ በንዴት ዓይኗ እንባ ሞላ። «እዚህ ካሉት ዳኞች የቀረኝ ዱሬሳ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ልጅ ነው፣ ይፈራል።»

«ሊፈራ ይችላል። እኔም እፈራለሁ። ልጆቼ ስለ እናታቸው የሚባለውን እንዳይሰሙ ቴሌቪዥኑን ነቅዬ ነው ከቤት የወጣሁት።» ተነስተው በሩን ከፈቱላት። «ፈርቶም ቢሆን መዝኖ የሚወስነው እሱ ነው። ያለዎትን ይዘው ይግቡ።»

ሰዓዲያ ኢታናን ከነፖሊሶቹ አስመጥታ ዳኛ ዱሬሳ ፊት አቆመችው። መናገር የተከለከለችውን ተናገረች፦ ሟቹ በተገደሉበት ምሽት ልጁ የፖሊስ እስር ቤት ውስጥ እንደነበር፣ የመፈታቱ ቀን እንደተቀየረ፣ ይህንንም ያዘዘው አለቃዋ እንደሆነ። ይህን ብላ ስትጨርስ አብረዋት የመጡት ፖሊሶች ከአጠገቧ ፈቀቅ ብለው ነበር። ዳኛው ሰርክን አስጠርቶ ካረጋገጠ በኋላ ኢታናን ለቀቀው። ማዘዣው ላይ ግን እጁን አቆመ።

«ጥርጣሬዎ ይገባኛል» አላት። «ሰውየው ሟቹን ደውሎ አስወጣቸው፣ ከቤቱ ጠፍቶ ነበር፣ ስለ መኪናው ዋሽቷል። ሟቹን ከመኪናው ጋር የሚያገናኝ ነገር ግን አላመጡልኝም። በዚህ ብቻ የሰው ቤትና መኪና አላስበረብርም። በኢታናም ላይ የሆነው እኮ የአንድ ሰው ቃል ብቻ ታምኖ ነው።»

ይህ የመጨረሻው ቃል ልቧ ላይ አረፈ።

*

መገናኛ ስትደርስ ሰማዩ እንደገና ጠቁሯል። ሰዓዲያ ያሰበችው አንድ ነገር ነው። ጭቃውን ሊያሳጥብ የሚፈልግ ሰው በቤቱ ግቢ ጎረቤት እያየው አያሳጥብም። ከቀለበት መንገዱ ጀምራ የመኪና እጥበቶቹን አንድ በአንድ ጠየቀች። አብዛኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከባቡሩ ድልድይ ጀርባ ባለችው ጠባብ እጥበት ግን የእጥበቱ ባለቤት በለጡ የውኃውን ጎማ ዘጋችና «ነጩ ፒካፕ? ምን አደረገ?» አለች።

«መጥቶ ነበር?»

«ዛሬ ረፋዱ ላይ። ጭቃው እስከ መስኮቱ። ሰውየው ከመኪናው አጠገብ አልርቅ አለ፣ እዚህ ደግመሽ እጠቢ፣ እዚያ ደግመሽ እጠቢ። ከኋላ መጫኛው ላይ የነበረውን ምንጣፍ ደግሞ ጣይልኝ አለኝ።»

«ለምን?»

«ደም ነክቶታል፤ በግ ጭነን ነው አለኝ።» በለጡ ከንፈሯን ነከሰች። «እኔም ገረመኝ። አንገቱ ላይ ማተብ አስሯል፤ በሰኔ ጾም ምን በግ ያርዳል?»

ሰዓዲያ ጠጋ አለቻት። «ምንጣፉን ጣልሽው?»

«እንዲህ ያለ ወፍራም ምንጣፍ ማን ይጥላል? ሲመቸኝ አጥቤ ከውስጥ ላነጥፈው ብዬ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ።»

ከመሣሪያዎቹ ጀርባ ሄዳ ጎትታ አወጣችው። ሲዘረጋ ጥጉ ላይ የደረቀ ጥቁር እድፍ ነበር፤ በእድፉም ውስጥ ረጃጅም የነጭ ጥጥ ክሮች፣ ከጋቢ የተነጨ ዓይነት፣ ተጣብቀዋል።

«በለጡ፣ ይህንን ለዳኛ ትነግሪያለሽ?»

ሴትየዋ ጎማውን ይዛ ወደ መንገዱ ተመለከተች። «ሰውየው ደንበኛዬ ነው። ብዙ ደንበኛም ያመጣልኛል።» ቆየችና «ዳኛው ይጮህብኛል?» አለች።

«አይጮህም።»

«እንግዲያው ጎማውን ልጠቅልልና እንሂድ።»

*

የደም ምርመራው ባለሙያ ምሽቱን ሠርቶ የሰው ደም መሆኑን አረጋገጠ። ማለዳ ላይ ሰዓዲያ በዳኛ ዱሬሳ ጠረጴዛ ፊት ቆማ ነበር። ኮማንደሩ ፋይሉን አስረክቢ እያለ ደጋግሞ ሲደውልባት ስልኳን አጥፍታዋለች።

ዳኛው አነበበ። በለጡን ሁለቴ ጠየቃት፣ ባለሙያውንም ጠየቀ። የሱም ስልክ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ አንዴ ጮኾ አቆመ፣ እንደገና ጀመረ። ወጣቱ ዳኛ የደዋዩን ስም አየና ፊቱ ተለወጠ። ስልኩን ገልብጦ በመስታወቱ አስተኛው።

«መጀመሪያ ንባቤን ልጨርስ» አለ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ። ከግንባሩ ላብ ጠረገ። ከዚያ የመያዣውንም የብርበራውንም ማዘዣ ፈረመ።

አቶ ተክለብርሃንን አያት ቤታቸው በራፍ ላይ አገኟቸው። ለመንገድ ተዘጋጅተው ሻንጣ ይዘዋል። የጋሽ ገብረማርያም ስልክ ፒካፑ ወንበር ሥር ተገኘ፤ አጥበው አጥበው እዚያ ሥር አላዩም።

ፖሊስ መኪናው ውስጥ አቶ ተክለብርሃን መጀመሪያ ዛቱ፣ ቀጥሎ ሳቁ። «ግሩምን ደውዪልኝ» አሉ።

«ኮማንደር ግሩም የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ለምን እንዳልፈጸመ እንዲያስረዳ ተጠርቷል። አሁን የርስዎን ስልክ አያነሳም።»

ወደ ኮተቤ ሲቃረቡ ድንገት መናገር ጀመሩ። «ሽማግሌው ፈሪ ነበር። ስሜን ሊጠራ ነበር፣ ገባሽ? ስሜን! ላግባባው ነው የሄድኩት። እምቢ አለኝ። ገፋሁት እንጂ እገድለዋለሁ ብዬ...»

«ይህን ለእኔ አይንገሩኝ» አለች ሰዓዲያ። «ጠበቃ የማግኘት መብት አለዎት። የሚናገሩት ማስረጃ ሊሆንብዎት ይችላል።»

አቶ ተክለብርሃን አፋቸውን ዘግተው አዩዋት፤ እንዲህ ያለ ነገር ከፖሊስ አፍ የጠበቁ አይመስልም ነበር።

በችሎቱ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሰርክ አለች፣ አያንቱም ወንድሟን ይዛ ከዳር ቆማለች። ኢታና ሰዓዲያን አየና ፊቱን አላዞረም። ሰላም ግን አላላትም። እሷም አልጠበቀችም፤ ሰላምታው የሚገባት ገና ይቅርታ ስትጠይቀው ነው። በኮሪደሩ ጫፍ ዳኛ ለተሥላሴ ፋይል ታቅፈው ወደ ራሳቸው ችሎት አለፉ። ወደዚህ አልተመለከቱም።

አቶ ተክለብርሃን በካቴና የታሰረ እጃቸውን ይዘው ወደ ሰዓዲያ ጠጋ አሉ። ድምፃቸው ተለውጧል፤ እንደ ጓደኛ ነው የሚያንሾካሹኩት።

«ዛሬ የሚያየኝ ያ ወጣቱ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«የማን ሰው ነው?»

ሰዓዲያ ጥያቄው አልገባት ብሎ አየቻቸው።

«ማለቴ ከጀርባው ማን አለ? ማንን ነው የሚሰማው? ስሙን ብቻ ንገሪኝ፣ ሌላውን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«ማንም የለም፣ አቶ ተክለብርሃን። የሚሰማው እርስዎንና ማስረጃውን ነው።»

ሰውየው የምትዋሽ እንደሆነ ፊቷን መረመሩ። ከዚያ የመጡበትን ኮሪደር፣ መስኮቱን፣ የተሰበሰበውን ሰው፣ አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ የሚያውቁትን ሰው የሚፈልጉ ይመስላሉ። በሩ ተከፍቶ ስማቸው ሲጠራ ወደ ኋላ አሉና ሰዓዲያ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው።